ሩቅያም፣ ሐኪምም

የዶርማችን ልጅ ማንም የማይሰማውን ድምፅ እየሰማ፣ እንቅልፍ አጥቶ ሳምንታት ሲቆይ «ጂን ነው» ብለን ሩቅያ ብቻ አስቀራንለት። ሩቅያውን አንነቅፍም። ጥፋታችን ሐኪም ዘንድ መውሰዱን ማዘግየታችን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 እንግሊዝ ውስጥ ኢቭ ጆንስቶንና ባልደረቦቿ ስኪዞፍሬንያ ለዓመታት የቆየባቸውን ሰዎች በሲቲ ስካን አይተው፣ አንጎል ውስጥ ያሉት ፈሳሽ የያዙ ክፍተቶች ሰፍተው አገኙ። በኋላ በኤምአርአይ ሲታይ፣ ሕመሙ ገና በጀመራቸው ወጣቶችም ላይ ግራጫው የአንጎል ክፍል በአማካይ አንሶ ተገኘ። «በአማካይ» የምትለዋን እኛ ኢንጂነሪንግ ያለን እንኳ ልናልፋት አይገባም፦ የታማሚውና የጤነኛው ልኬት በብዛት ስለሚደራረብ፣ ምስል ብቻ አይቶ «ይህ ሰው ታሟል» ማለት አይቻልም። ሐኪሙ የሚለየው ጠይቆና አዳምጦ ነው።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በእኛ ዕድሜ ነው፤ ሳይታከም የቆየ ደግሞ ማገገሙ ይከብደዋል። «ኢማኑ ደክሞ ነው» የምንል ሰዎች፣ እግሩ ለተሰበረ ወንድም እንዲህ እንላለን? ሩቅያ የሚቀራለት ክኒኑን አይጣል፤ ኡስታዞቻችንም ይህን በደርስ ላይ ቢነግሩን ከእኛ ይልቅ ይሰማሉ።

ልጁ አሁን ሕክምና ላይ ነው። ዊዝድሮዋል ሞልቶ ቤተሰቡ ዘንድ ሄዷል። አልጋውን እየጠበቅንለት ነው።