ሁሉም የዳዊት ነው ላሉት

ሰሞኑን የወጣ አንድ ጽሑፍ በመዝሙረ ዳዊት ያሉትን መዝሙራት በሙሉ ዳዊት ብቻ እንደደረሳቸው፣ ከዚህ የተለየ መናገር ንጉሡን መድፈር እንደሆነ ይሟገታል። እንዲያ ከሆነ ቀዳሚው ደፋር መጽሐፉ ራሱ ነው።

በዕብራይስጡ አርእስት የዳዊት ስም ያለባቸው 73 ናቸው። አሳፍ 12 አለው፤ የቆሬ ልጆች፣ ሰሎሞን፣ ሙሴም ድርሻ አላቸው። በባቢሎን ወንዞች ዳር የሚያለቅሰውስ፣ በግዕዙ ቁጥር 136ኛው? የሚያለቅስላት ኢየሩሳሌም የፈረሰችው ዳዊት ካረፈ ከአራት መቶ ዓመት ግድም በኋላ ነው። «ትንቢት ነው» ይባል ይሆናል፤ ዘማሪው ግን የሚያወራው ያለፈበትን ነው።

ስብስቡም በአንድ ጀምበር አልተጠናቀቀም። ከአምስቱ ክፍሎች ሁለተኛው የዳዊት ጸሎት እንዳበቃ ተናግሮ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ግን የዳዊት ስም ያለባቸው ሌሎች ይከተላሉ! በ1956 እ.ኤ.አ. በቁምራን 11ኛ ዋሻ የተገኘው የመዝሙራት ጥቅልም የተለየ ቅደም ተከተል አለው፤ በግዕዙ 151ኛ የሆነውንም መዝሙር ይዟል።