መኪናውን የሠራ መጀመሪያ ከፊቱ ይቁም



ዛሬ የምጽፈው ስለ ጭቃ ወታደር ጨዋታችን ነው። «ይሄ ደግሞ መጽሔት ላይ የሚወጣ ነገር ነው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን በዚህ ጨዋታ የተነሳ በእኛ ክፍል ብቻ ስንት ጓደኛሞች እንደተኳረፉ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከተኳረፉት አንዱ እኔ ነኝ። ጥፋቱም የእኔ ነበር።

ሐሳቤን መጀመሪያ ላይ ልንገራችሁ። ለጨዋታው አዲስ መኪና ሠርቶ የሚያመጣ ልጅ፣ መኪናው የሚችለውን ብቻ ሳይሆን የማይችለውንም ጽፎ ያምጣ። ከዚያ በመጀመሪያው ቀን መኪናውን ለሌላ ልጅ ሰጥቶ፣ እሱ ራሱ ከመኪናው ፊት ለፊት ቆሞ ይጫወት። በቃ ይኸው ነው።

ጨዋታውን ላላያችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ወታደሮቹን የምንሠራው ከሜዳችን ዋልካ ነው። ዋልካ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ እንደ ቤት ምርጊት ትንሽ ጭድ እንደባልቅበታለን። መኪናው ሽቦና ካርቶን ነው፣ ጎማው ቆርኪ ነው። የበረንዳው ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ የፎገራን ሜዳ እንሥላለን፤ ርብን፣ ጉማራን፣ የጣናን ዳር፣ ከወረታ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር የሚወጡትን መንገዶች። ሁለት ቡድን ሆነን በየተራ እናንቀሳቅሳለን። ርቀት በማስመሪያ ይለካል። ድሮ በስንዝር ነበር፤ ግን የ8ኛ ክፍል ልጅ ስንዝርና የ4ኛ ክፍል ልጅ ስንዝር እኩል ስላልሆነ ተውነው። መምታት የፈለገ ሦስት ቆርኪ ይጥላል፤ ሁለቱ ወይም ሦስቱ አፋቸውን ወደ ላይ ካደረጉ መትቷል።

ወታደሮቹ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ በእነሱ ተጣልተን አናውቅም። ጠብ የመጣው መኪና ከመጣ በኋላ ነው። ለምን ቢባል የመኪናውን ሕግ የሚያወጣው ሠሪው ብቻ ነበር።

እኔ ከሰርዲን ቆርቆሮ አንድ መኪና ሠራሁ። ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፣ ጣቴንም ቆርጦኛል። ሕጉን ስናገር «ቆርቆሮ ስለሆነ አይመታም» አልኩ። ማንም አልተከራከረኝም፤ መኪናው በጣም ያምር ነበራ። አራት ጊዜ ተከታትዬ አሸነፍኩ። በአራተኛው ቀን ዴስክ የምጋራው ጓደኛዬ ወታደሮቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ኪሱ ከተተና «አንተ እኮ እየተጫወትክ አይደለም» ብሎኝ ሄደ። በማግስቱ ሌላ ዴስክ ላይ ተቀመጠ።

እኔ ቅናት ነው ብዬ ነበር። እቤት ታላቅ እህቴ ስትሰማኝ «እስቲ እኔ በቆርቆሮው ልጫወት፣ አንተ ያለ እሱ ተጫወት» አለችኝ። መደብ ላይ አሰለፍን። ምንም ብሠራ አይነካም። ብሸሽ ይደርስብኛል፣ ብከበው ጥሶ ይወጣል። ገና ሻይ ሳይፈላ ወታደሮቼ አለቁ። እህቴ ስቃ «ደስ ይላል አይደል?» አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። አራት ቀን ሙሉ ጓደኛዬን እንዲህ ሳደርገው ነበር።

ዳቦ ለሁለት ልጆች ሲቆረስ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። የቆረሰው መጨረሻ ያነሳል። እንደዛ ከሆነ ቆራሹ በጣም ተጠንቅቆ እኩል ያደርጋል። የመኪናም ሕግ እንደዛ ነው። መኪናው በአንተ ላይ እንደሚመጣ ካወቅህ «አይመታም» ብለህ አትጽፍም።

ይሄ የእኔ ብቻ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ። ድሮ የሀገራችን መኳንንት የሚጫወቱት ሰንጠረዥ ውስጥ ፊል የሚባል ጠጠር አለ፤ ፊል ማለት ዝሆን ነው። ዝሆን ያህል ነገር ሁሉን የሚረግጥ ይመስላል። ግን ፊል የሚዘለው በሰያፍ ሁለት ቤት ብቻ ነው። አጠገቡ ያለችውን አንዲት ቤት እንኳን መርገጥ አይችልም። ፈረስም ሌላውን ዘሎ ያልፋል፤ ቀጥ ብሎ ግን አይሄድም። እያንዳንዱ የማይችለው ነገር ስላለ ነው ሰው ሲያስብ የሚውለው። ሁሉም ቃልቻ ከሆነ ማን ይሸከማል ስልቻ ይባል የለ?

ቲቸርም አንድ ነገር ነግረውናል። ኤች ጂ ዌልስ የሚባል እንግሊዛዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1913 ስለ አሻንጉሊት ወታደር ጨዋታ ሕግ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። በእሱ ጨዋታ መድፍ በስፕሪንግ የእንጨት ጥይት ይተኩሳል፤ ጥይቱ አሻንጉሊቱን በእውነት ይጥለዋል። ያን ያህል ኃይለኛ ነው። ነገር ግን በአጠገቡ ቢያንስ አራት የራሱ ወገን ወታደሮች ካልቆሙ መድፉ አይተኩስም፣ ከቦታውም አይንቀሳቀስም። መድፉ ኃይሉ አልተቀነሰም፤ ሰው እንዲያስፈልገው ብቻ ተደረገ። ይሄን ስሰማ ወዲያው ትዝ ያለኝ የእኛው ሴባስቶፖል ነው።

ሴባስቶፖልን የማያውቅ የደቡብ ጎንደር ልጅ የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ትልቁ መድፍ ነው። ጋፋት ደብረ ታቦር አጠገብ ነው፤ ከወረታ ደብረ ታቦር ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መድፉ ወደ 7 ቶን ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ጎተቱት። መንገድ ስላልነበረ እየቆፈሩ፣ ድንጋይ እየፈነቀሉ ነበር የሚያልፉት። ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።

አንድ የክፍላችን ልጅ ሴባስቶፖልን ከዋልካ ሠርቶ መጣ። አሠራሩ ግሩም ነው። ሕጉ ግን «አንዴ ከተኮሰ ሁሉም ያልቃል» የሚል ነበር። በአንድ ተኩስ ጨዋታው አለቀ፤ ሁለተኛ ማንም ሊጫወትበት አልፈለገም። ልጁ በጣም አዘነ። ከዚያ ተሰብስበን «እውነተኛው ሴባስቶፖል ምን አይችልም?» ብለን ጠየቅን። በጣም ይከብዳል። ያለ ሰው አይነቃነቅም። ያለ መንገድ አይሄድም። ስለዚህ እንዲህ ብለን ጻፍን።

ሴባስቶፖል በአንድ ተራ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሄዳል፤ ያውም አጠገቡ አምስት ወታደሮች ካሉ ነው። በጠመኔ ከተሣለው መንገድ አይወጣም። ከተኮሰ በኋላ ሁለት ተራ ያርፋል። ሲተኩስ ግን ቆርኪው ከሠራለት በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያለውን ሁሉ ይመታል።

አሁን በትምህርት ቤታችን የሚወደደው መኪና እሱ ነው! አንዱ ቡድን ይጎትታል፣ ሌላው መንገድ ይዘጋል፣ ጎታቾቹ አራት ሲቀሩ ሁሉም ይጮኻል። ጨዋታው መተኮሱ ላይ መሆኑ ቀርቶ እዚያ ማድረሱ ላይ ሆነ። የማይችለው ነገር ሲጻፍለት መድፉ አልተዋረደም፤ እንዲያውም ታሪኩን አገኘ።

ስለዚህ ሕግ ለማውጣት መጀመሪያ መንገድ ላይ ወጥቶ ማየት ነው። ወረታ እኮ መኪና የሞላባት ከተማ ናት። ባጃጅ ጠባብ ቦታ ላይ ይዞራል፣ ክረምት ዋልካ ውስጥ ከገባ ግን ሰው ገፍቶ ነው የሚያወጣው። አይሱዙ ብዙ ኩንታል ሩዝ ይጭናል፤ ከአስፋልት ሲወርድ ግን ጭነቱ ራሱ ያሰምጠዋል። ትራክተር ቀርፋፋ ነው፤ ሌላው የሰጠመበት ጭቃ ላይ ይሄዳል፣ የሰጠመውንም ይጎትታል። የደንገል ታንኳ ውኃ ላይ ብቻ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ግን ተሸክመው ከውኃ ያወጡታል። ርብ ሲሞላ ማን እንደሚቀርና ማን እንደሚያልፍ ሁላችንም አይተናል። ሕጉ ያለው እዚያ ነው።

ቀጥሎ ዋጋ ይውጣለት። እያንዳንዱ ቡድን 20 ነጥብ ይኑረው፣ አንድ ወታደር 1 ነጥብ ይሁን። መኪና ለሚሄደው ለእያንዳንዱ 5 ሳንቲ ሜትር 1 ነጥብ፣ እስከ አምስት ወታደር ለመጫን 1፣ ለመተኮስ 2፣ ከመጀመሪያው በላይ ለሚችለው ለእያንዳንዱ ምት 2 ይክፈል። ለማይችለው ለእያንዳንዱ ነገር 1 ይቀነስለት። ባጃጅ 20 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፣ 4 ነጥብ። ሦስት ወታደር ይጭናል፣ 1። ዋልካ አይገባም፣ 1 ይቀነሳል። ዋጋው 4 ነጥብ ነው። የእኔ የሰርዲን ቆርቆሮ ግን «አይመታም» የሚለው ዋጋው ስንት ነው? ብደምር ብደምር አያልቅም። ዋጋ ሊወጣለት የማይችል ነገር ጨዋታ ውስጥ መግባት የለበትም። አሁን ሕጉን ቀይሬዋለሁ፤ በሦስተኛው ምት ይሰበራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የውሸት ድክመት እንዳትጽፉ! አንዱ ነጥብ ለማስቀነስ «ባጃጄ አይበርም፣ ዛፍ ላይ አይወጣም» ብሎ ጽፎ መጣ። ሳቅን እንጂ አልተቀበልነውም። ድክመት የሚባለው በረንዳው ላይ በእውነት የሚያጋጥም ነው።

አንዳንድ ልጆች «ሕግ ሲበዛ ጨዋታው ይደብራል» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ሲበዛ ይደብራል። ስለዚህ የአንድ መኪና ሕግ ከአምስት መስመር አይለፍ። በወረቀት ተጽፎ ከጨዋታው በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ እንደዛ ከሆነ ማንበብ ያልለመዱ ታናናሾቻችንም ይሰሙታል። መሐል ላይ የሚወጣ ሕግ ግን አይሠራም፤ ለሚቀጥለው ቀን ይቆይ።

ከመምህራን መካከል ደግሞ «ልጆች ለምን ጦርነት ይጫወታሉ?» የሚሉ አሉ። ይሄን ጥያቄ አልንቀውም። እኛ ጦርነትን በወሬ ብቻ የምናውቅ ልጆች አይደለንም። ተኩስ ተሰምቶ ትምህርት የቀረበትን ቀን እናስታውሳለን። ለዚህ ነው ቡድኖቻችንን ርብና ጉማራ ያልናቸው፤ በእውነተኛ ወገን ስም አንጠራም። የተመታ ወታደርም «ሞተ» አይባልም፣ «አረፈ» ተብሎ ዳር ይቀመጣል፣ በሚቀጥለው ቀን ይነሳል። አሁን አሁን ብዙ ጊዜ የምንጫወተው ሩዝ ከሜዳው ወረታ ማድረስ ነው፤ ቀድሞ ያደረሰ ያሸንፋል። ያ ዌልስም ጨዋታው እውነተኛው ጦርነት ምን ያህል ጥፋት እንደሆነ እንደሚያሳይ ጽፏል። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ።

እኔ ግን ከዚህ ጨዋታ የተማርኩት ስለ መድፍ አይደለም። ሕግ የሚያወጣ ሰው ሕጉ በእሱ ላይ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ማየት አለበት፤ የተማርኩት ይሄን ነው። የክፍል አለቃም «ያረፈደ ጽዳት ይሠራል» ሲል እሱ ያረፈደ ቀን መጥረጊያውን ያንሳ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው።

ስለዚህ ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የመኪና ሕጎች የሚሰበሰቡበት አንድ ደብተር ይኑረን። ሁለተኛ፣ ሠሪው ከመኪናው ፊት ቆሞ ሳይጫወት የማንም ሕግ ደብተሩ ላይ አይጻፍ። እኔ የሰርዲን ቆርቆሮዬን አስቀድሜ አቀርባለሁ።

ጓደኛዬ ይሄን እንደሚያነብ አውቃለሁ። ልክ ነበርክ፤ እየተጫወትኩ አልነበረም። ሰኞ በዕረፍት ሰዓት በረንዳው ላይ ነኝ። ቆርቆሮውን አንተ ትይዛለህ፣ እኔ ከፊት እቆማለሁ።



ከ7ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል