ለአይጦቹ ያለብን ዕዳ

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላል ተረታችን። በሕፃናት ካንሰር ምርምር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ባልበላችው የምትመታው አይጧ ናት። ተመራማሪዎች የካንሰር ሕዋስ በአይጥ ገላ ውስጥ አስገብተው እጢ እንዲያድግባት ያደርጋሉ። ከዚያም መድኃኒት እየሰጡ እጢው መክሰሙን ወይም መግፋቱን ይከታተላሉ። ይህን ማድረግ ተገቢ ነው ወይ? ዘንድሮ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ አጥብቀን ከተከራከርንባቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነበር። እኛ ተገቢ ነው እንላለን። ሆኖም በእንስሳቱ ስቃይ የተገኘው መድኃኒት ለታመመው ልጅ ካልደረሰ ዕዳው ሳይከፈል ይቀራል ብለን እናምናለን።

ለዚህ አቋማችን ምሳሌ የሚሆነን ማዳጋስካር የምታበቅላት አንዲት ሮዝ አበባ ናት። ዛሬ በብዙ አገር ለግቢ ማስዋቢያ ትተከላለች። በ1950ዎቹ በካናዳ ሮበርት ኖብልና ቻርልስ ቢር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህች ተክል ለስኳር በሽታ ትሆናለች ሲባል ሰምተው ጭማቂዋን በአይጦች ላይ ሞከሩ። የአይጦቹ ስኳር አልቀነሰም፤ በመርፌ ሲሰጣቸው ግን ነጭ የደም ሕዋሳቸው በእጅጉ ቀነሰ። የደም ካንሰር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ የደም ሕዋስ ያለ ልክ የሚራባበት በሽታ ነው። በአሜሪካም በኤሊ ሊሊ ኩባንያ የተክሏ ጭማቂ የደም ካንሰር ላለባቸው አይጦች ሲሰጥ ዕድሜያቸውን አራዘመ። ከዚህ ሥራ የተገኘው ቪንክሪስቲን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። እስከ ዛሬም በልጆች የደም ካንሰር፣ በኩላሊት እጢና በሌሎችም የልጅነት ካንሰሮች ሕክምና ውስጥ ያገለግላል።

በክርክሩ የተቃወሙን ጓደኞቻችን «በብልቃጥ ውስጥ ያደገ ሕዋስ አይበቃም ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ ሥራም በዚያ መንገድ ይሠራል። ነገር ግን ብልቃጥ ጉበት የለውም፣ ደም አይዘዋወርበትም፣ በሽታው ተደብቆ ቆይቶ ሊያገረሽበትም አይችልም። ሃዋርድ ስኪፐር የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1960ዎቹ በአይጦች ባደረጉት ጥናት አንዲት የካንሰር ሕዋስ ብቻ ብትተርፍ እንኳ ተራብታ ልትገድል እንደምትችል አሳይተዋል። ሐኪሞች መድኃኒቶችን አቀናጅተው እንዲሰጡና ሕክምናውንም እንዲያረዝሙ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። የደም ካንሰር የያዘው ልጅ ፊቱ ቀልቶ መጫወት ከጀመረ በኋላም ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ መድኃኒት የሚወስደው የተደበቀችዋን ሕዋስ ለማጥፋት ነው።

ሆኖም አይጥ ሕፃን አይደለችም። ልጅ የማይችለውን የመድኃኒት መጠን አይጥ የምትችልበት ጊዜ አለ። የሰው እጢ የሚያድግባቸው አይጦች ደግሞ ሰውነታቸው እጢውን እንዳይዋጋ ተደርገው የተዳቀሉ ስለሆኑ፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃ መድኃኒት በእነሱ ላይ በሚገባ አይፈተንም። ስለዚህ አይጥ ዳነች ማለት ልጅ ይድናል ማለት አይደለም። ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጡት ሕግ ሚዛናዊ ሆኖ አግኝተነዋል፦ በሌላ ዘዴ መተካት ከተቻለ ይተካ፣ የእንስሳቱ ቁጥር ይቀነስ፣ ስቃያቸው ይቃለል። በዚህ ላይ እኛ አንድ እንጨምራለን፤ ያልሠራ ሙከራም ይታተም። ውጤቱ ከተደበቀ ሌላው ተመራማሪ ያንኑ ይደግማል፣ ሌሎች አይጦችም በከንቱ ይሞታሉ።

አሁን ወደ ራሳችን አካባቢ እንመለስ። በርኪት ሊምፎማ የተባለው የልጆች ካንሰር ስሙን ያገኘው በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ይሠሩ ከነበሩት ሐኪም ከዴኒስ በርኪት ነው። እሳቸው መንጋጋቸው ያበጠ ልጆችን አይተው እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ በሽታው ጻፉ። ቪንክሪስቲን ይህንንም በሽታ ለማከም ይረዳል። በሽታው በአካባቢያችን ታወቀ፣ ተክሏም ከማዳጋስካር ተገኘች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ሲድኑ፣ በብዙ ድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ልዩነቱን የሚያመጣው የአዲስ ግኝት እጥረት ብቻ አይደለም። ልጁ ዘግይቶ ሐኪም ዘንድ ይደርሳል፣ በሽታው በሌላ ይሳሳታል፣ መድኃኒቱ ይጠፋል፣ ወይም ቤተሰብ ገንዘብ አልቆበት ሕክምናውን ያቋርጣል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረው ዘመቻ በ2030 ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆኑት እንዲድኑ ያለመ ነው።

ስለ እንስሳት መብት የሚከራከር ሁሉ ይህንንም አብሮ እንዲያነሳ እንጠይቃለን። ከስድሳ ዓመት በፊት አይጦች የሞቱለት መድኃኒት ዛሬ ከሆስፒታል መደርደሪያ ላይ ሲጠፋ፣ ጥፋቱ በእንስሳቱም በልጆቹም ላይ ነው። መንግሥታት የልጆችን የካንሰር መድኃኒት ሳያቋርጡ ያቅርቡ። ወላጆቻችን ደግሞ የማይጠፋ እብጠት፣ ምክንያቱ ያልታወቀና የማይለቅ ትኩሳት፣ ወይም በልጅ ዓይን ብሌን ላይ ነጭ ነጸብራቅ ሲያዩ «ያልፋል» ሳይሉ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ሕክምና የጀመረ ልጅ ያለበት ጎረቤት ካለ፣ ልጁ የተሻለው ቢመስልም እስከ መጨረሻው እንዲቀጥል እናግዘው። በእኛ አቅም ዕዳው የሚከፈለው እንዲህ ነው።