ምራቅ ይመለስ! ከቢቸናና ከሞጣ የተነሣ ጥሪ

ከካንሰር የተረፈ ሰው ድኗል የምንለው የጎረሰውን ሲውጥ ነው። የተነሣነውም ለዚህ ነው። ወገኖቻችን ከሞጣና ከቢቸና ተነሥተው፣ በደጀን አልፈው፣ የዓባይን በረሃ ወርደውና ወጥተው ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ይገባሉ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ማዕከል ነበር። የአፍ ወይም የጉሮሮ ካንሰር ይዟቸው ሄደው ነፍሳቸውን ይዘው የተመለሱ አሉ፤ ምራቃቸው ግን እዚያው ቀርቷል።

ያላየ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። ማኛ ጤፍ በሚታፈስበት አገር አንዲት ጉርሻ ላንቃ ላይ ተለጥፋ አልወርድ ትላለች። ውኃ መጎንጨት ነው፤ ማላመጥ ነው፤ እንደገና መጎንጨት ነው። ቆሎ የማይታሰብ ይሆናል። ሌሊት ምላስ ከላንቃ ተጣብቆ ያባንናል። ጥርስን የሚጠብቀው ምራቅ ስለሌለ ጥርስ ከሥሩ ተበልቶ ይረግፋል። ቅኔ ሲዘርፉ የኖሩ መሪጌታ ድምፃቸው ይሰነጠቃል፤ የልጅ ልጃቸውን እንትፍ ብለው የሚመርቁበት እርጥበት አጥተዋል። ሰው ፊት መብላት አሳፍሯቸው ከሰርጉም ከተዝካሩም ይቀራሉ። ይህን የጎንዮሽ ጉዳት ብሎ ማለፍ ይብቃ።

ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል። አብዛኛው የሚመጣው ከጆሮ ፊት፣ ከመንጋጋ ሥርና ከምላስ ሥር ካሉት ሦስት ጥንድ ዕጢዎች ነው። ጨረር በብዛት ካገኛቸው ማገገም ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ቀዳሚው ጥያቄያችን ዕጢው ሳይቃጠል እንዲተርፍ ነው፦ ጨረሩን ከካንሰሩ ቅርጽ ጋር የሚያስማማው ዘዴ የጨረር ማሽን ባለበት ሁሉ ይለመድ።

ለተጎዱትስ? በሰው ስብ ውስጥ ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ስቴም ሴል እንዳለ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አሳይተዋል። የኮፐንሃገን ሐኪሞች ደግሞ ከጨረር በኋላ አፋቸው የደረቀ 30 ሰዎችን መርጠው፣ ለከፊሎቹ ከራሳቸው ስብ የተገኘውን ሴል በቤተ ሙከራ አባዝተው በመንጋጋ ሥር ባለው ዕጢ ወጉላቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት፣ ሴሉን የወሰዱት ሰዎች ምራቅ በአራት ወር ውስጥ በ50 በመቶ ገደማ ጨመረ። ሴሉ ራሱ ዕጢ ይሆናል ማለት አይደለም፤ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ብግነትን እያበረደ የደከመውን ሥጋ እንደሚያግዝ ይታሰባል። በኋላ 120 ሰዎች የተሳተፉበት፣ ከጤነኛ ለጋሾች በተወሰደ ሴል የተደረገው ሙከራ ግን ሴል ከሌለው የማነጻጸሪያ መርፌ ጋር ያለውን ልዩነት በጥብቅ ማረጋገጥ አልቻለም። ይህን የምንደብቅ አይደለንም። ጥያቄው ገና ክፍት ነው፤ ክፍት ከሆነ ደግሞ መልሱን ከሚፈልጉት መካከል ኢትዮጵያውያን ይኑሩበት እንላለን።

የለጋሽ ሴል በጥልቅ ቅዝቃዜ ተቀምጦ መቆየት መቻሉ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ሞጣ ላይ የሴል ፋብሪካ አያሻም። አንድ ጥሩ ቤተ ሙከራ አዲስ አበባ ላይ ቢደራጅ፣ መርፌው ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ሊወጋ ይችላል። ከባዶ አንነሣም፤ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ አለ። የኩላሊት ንቅለ ተከላም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 እስኪጀመር ድረስ ብዙ ሰው አይቻልም ይል ነበር። በአገራችን የሚደረገው ሙከራ የሥነ ምግባር ፈቃድ ያለው፣ ለሕሙማን በነፃ የሚሰጥ፣ ውጤቱ ቢከፋም ቢያምርም የሚታተም ይሁን። ማስረጃው ሳይሟላ ስቴም ሴል እሸጣለሁ የሚል ቢመጣ ገንዘባችሁን አትስጡት።

የቢቸናና የሞጣ ሐኪሞችና ነርሶች ሆይ፣ ሥራው ከእናንተ ይጀምራል። ከጨረር የተመለሰውን ሰው አስቀምጡና ለአሥራ አምስት ደቂቃ ምራቁን ኩባያ ውስጥ ይትፋ፤ መዝኑት፤ መዝግቡት። ለዚህ ኩባያ፣ ሚዛንና ሰዓት ይበቃል። ጥርሱንም አብራችሁ እዩለት። ሙከራው ወደ አገራችን በመጣ ቀን በመጀመሪያ የሚፈለገው ያ መዝገብ ነውና፣ ዛሬውኑ ክፈቱት።