ከሻንጣው በፊት ትራንስክሪፕቱ

አሜሪካ የገባ ኢትዮጵያዊ ነርስ ነርስ ሆኖ መሥራቱ ወይም ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት ሲቆርጥ መኖሩ በአብዛኛው የሚወሰነው ቦሌ ከመድረሱ በፊት ነው። ይህን የምለው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። ደሴ ሆስፒታል ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ዲቪ ደርሶኝ ቨርጂኒያ ገብቻለሁ፣ ዛሬም የምተዳደረው በነርስነት ነው። ከእኔ ጋር ተመርቀው፣ በትምህርት ከእኔ የሚበልጡ፣ ዛሬ ግን ሙያቸውን የማይሠሩ ልጆች እዚሁ አሌክሳንድሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና ዲሲ ውስጥ አሉ። እኔን የረዳኝ ቀድሞኝ የወጣ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ቪዛው እንደተመታልኝ ደውሎ “ትራንስክሪፕትሽን ሳታስልኪ አውሮፕላን እንዳትሳፈሪ” አለኝ። ለእነዚያ አብረውኝ ለተመረቁት ግን እንዲህ ብሎ የደወለላቸው ሰው አልነበረም።

ዲቪ የደረሰው ሰው የሚሯሯጠው ኤምባሲው ለሚጠይቀው ነገር ነው፤ ለፓስፖርቱ፣ ለልደት ሰርተፍኬቱ፣ ለፖሊስ አሻራው፣ ለሜዲካሉ፣ ለ12ኛ ክፍል ማስረጃው። ለዲቪ የ12ኛ ክፍል ትምህርት ስለሚበቃ ቆንስሉ ፊት ስለ ዲግሪሽ የሚጨነቅልሽ የለም። አራት ዓመት የተማሩት ትምህርት በዚህ ምክንያት ከዝርዝሩ ይወጣል። እናት በርበሬውን ታስፈጫለች፣ ሽሮው ይዘጋጃል፣ ሻንጣው ከ23 ኪሎ እንዳያልፍ ሚዛን ላይ ይወጣል። ዲግሪው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከልብሱ መሐል ይገባል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የተጠቀለለው ዲግሪው ራሱ ሳይሆን ቴምፖው፣ ማለትም ጊዜያዊ ዲግሪው፣ እና ስቱደንት ኮፒው ነው። እነዚህን እዚህ የሚቀበል ቢሮ አላጋጠመኝም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የነርስ ፈቃድ የሚሰጠው የየግዛቱ ቦርድ ነው። ውጭ አገር የተማረ ሰው መጀመሪያ ትምህርቱ ይገመገማል፤ ከገምጋሚዎቹ በሰፊው የሚታወቀው ሲጂኤፍኤንኤስ ሲባል የኖረው ድርጅት ነው። ገምጋሚው ትራንስክሪፕቱን የሚፈልገው በቀጥታ ከትምህርት ቤቱ ነው፤ ከባለቤቱ እጅ አይቀበልም። ትራንስክሪፕቱ ብቻውንም አይበቃም። በአዋቂዎች፣ በእናቶች፣ በሕፃናትና በአእምሮ ሕክምና ስንት ሰዓት ክፍል ውስጥ እንደተማርሽ፣ ስንት ሰዓት ደግሞ አታችመንት ወጥተሽ ዋርድ ውስጥ እንደሠራሽ ተለይቶ ይጠየቃል። እኔ የያዝኩት ትራንስክሪፕት የኮርሱን ስም፣ ክሬዲቱንና ግሬዱን እንጂ ይህንን ሰዓት አይናገርም። ስለዚህ ዲፓርትመንቱ ቁጭ ብሎ ፎርም መሙላት አለበት። አገር ቤት የሙያ ፈቃዱን የሰጠው አካልም ፈቃዱ እንከን የሌለበት መሆኑን በራሱ ደብዳቤ ያረጋግጣል። ኤንክሌክስ የሚባለው ፈተና የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አምስት ሰዓት ተሰጥቶሽ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ትመልሻለሽ። ሰው ሁሉ የሚፈራው ፈተናውን ነው። እኔ ግን በፈተና ወድቆ ሙያውን የተወ ሰው እምብዛም አላውቅም፤ የማውቀው ፈተናው ላይ ሳይደርሱ የቀሩትን ነው።

አብራኝ የተመረቀች ጓደኛዬ ወረቀቷን ማስጨረስ የጀመረችው እዚህ ከገባች በኋላ ነበር። ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲያችን ለወንድሟ ውክልና ላከች። ውክልናው አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋገጠ፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደ። ወንድሟ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ተጓዘ። ሬጅስትራር “ክሊራንስ አምጣ” አለው። ክሊራንሱን ሲያመጣ የኮስት ሼሪንጉ ዕዳ ተነሣ። ዕዳውን ከፍሎ ሲመለስ ደግሞ ወደ ውጭ የሚላከውን የምትሠራው ልጅ የዓመት ፈቃድ ላይ ናት፣ ሰኞ ና ተባለ። ዲፓርትመንቱ ፎርሙን ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም ነበርና የክሊኒካል ሰዓቱን ማን ይሙላው የሚለው ራሱ ጭቅጭቅ ሆነ። በስንት ልመና የተላከው ፖስታ ደግሞ በአግባቡ አልታሸገም ተብሎ ሳይቆጠርላት ቀረ። በዚህ ሁሉ መሐል እሷ ሌሊት ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፤ ቀን ልጇን ትይዛለች። ይህ ሥራ የተከበረ ሥራ ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። ነገር ግን ያቺ ልጅ ደሴ ውስጥ በሌሊት ዲዩቲ ብቻዋን አንድ ዋርድ ሙሉ ሕመምተኛ ይዛ ታነጋ የነበረች ነርስ ናት። አሁን ስለ ፈቃዱ ሳነሣባት ወሬ ትቀይራለች።

መንግሥት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በኮስት ሼሪንግ ያስተማረበትን ወጪ መጠየቁን አልቃወምም። የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ይመለስ። የማይገባኝ አሜሪካ ተቀምጦ ዕዳውን በአንድ ቀን በዶላር ከፍሎ መገላገል የሚፈልግ ምሩቅ፣ ዕዳው ስንት እንደሆነ ለማወቅ እንኳ ዘመዱን አውቶቡስ ማሳፈር ያለበት ለምን እንደሆነ ነው። አንድ ኢሜይልና አንድ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ቢኖር አገርም ገንዘቧን፣ ልጅቷም ወረቀቷን ታገኝ ነበር።

ወደ ጀርመን የሚሄዱ ነርሶችን ሳይ ነገሩ ይበልጥ ያንገበግበኛል። ጀርመን ነርስ በጣም ትፈልጋለች። ሆኖም በአብዛኛው የትምህርት ማስረጃሽ ቀርቦ የዕውቅናው ሥራ ሳይጀመር፣ ቋንቋውም ተገቢው ደረጃ ላይ ሳይደርስ ቪዛው አይመጣም፤ በሙሉ ነርስነት ለመሥራት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቢ2 ደረጃ ጀርመንኛ ይጠየቃል። ስድስት ኪሎ ጎተ ኢንስቲትዩት የሚመላለሱት ልጆች ስንት ጊዜ ሲያማርሩ ሰምቻለሁ። የሚያማርሩት ግን ሙያቸውን ይዘው ለመሄድ ነው። በዲቪ ወይም በቤተሰብ አሜሪካ የሚገባን ሰው ይህን እንዲያደርግ የሚያስገድደው የለም፤ ስለዚህ ራሱን ማስገደድ ይኖርበታል።

አሁን የምናገረው አገር ቤት ያሉ ወላጆችን ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ ቢሆንም ይነገር። የመጀመሪያው ዓመት ብር አትጠይቁን። ልጅ አሜሪካ በገባ በወሩ የታናሽ ወንድም የኮሌጅ ክፍያ፣ የቤት ክዳን፣ የአክስት ሕክምና፣ የጎረቤት ልጅ ሠርግ በስልክ ይደርሰዋል። ጠያቂው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ችግሩም እውነተኛ ነው። ልጁም እምቢ ማለትን አልለመደም። ሁለተኛ ሥራ ይጨምራል፣ ቅዳሜና እሑድን ኡበር ይነዳል፣ ለማስረጃ ግምገማና ለፈተና ያስቀመጠው ገንዘብ በሐዋላ ይሄዳል። የኤንክሌክስ መመዝገቢያ ብቻ 200 ዶላር ነው፤ ግምገማውና የግዛቱ ክፍያ ከዚያ በላይ ይመጣሉ። ከገንዘቡ ይልቅ የሚጎዳው የሚያልፈው ጊዜ ነው። ከዋርድ የራቀ ነርስ መድኃኒቱንም፣ መጠኑንም፣ በራሱ መተማመኑንም ይረሳል። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስሄድ ያለኝ “ወረቀትሽ እስኪያልቅ ለእኛ አታስቢ፤ ያለን ይበቃናል” ነበር። ያለን እንደማይበቃ እሱም እኔም እናውቅ ነበር። ያን ዓመት በመታገሱ ነው በኋላ የታናናሾቼን ትምህርት ሙሉ በሙሉ መሸፈን የቻልኩት።

ይህን ስጽፍ አንባቢ የሚለኝን እገምታለሁ፤ አገሪቱ ራሷ ሐኪም አጥታ ሰዉ እንዲወጣ ታመቻቺያለሽ ወይ ይለኛል። ጥያቄው ልብ ይነካል። ነገር ግን በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደሞዝና የኑሮ ጥያቄ ይዘው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን ሁላችንም አይተናል። የሚሄደው ሰው የሚሄደው ትራንስክሪፕት ስለተላከለት አይደለም፤ ቢከለከልም ይሄዳል፣ ሄዶም መኪና ያቆማል። ያኔ ነርሷን እኛም አጣናት፣ አሜሪካኖቹም አላገኟት። ማይግሬሽን ፖሊሲ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት አሜሪካ ውስጥ ዲግሪ ካላቸው ስደተኞች ከአራቱ አንዱ፣ ማለትም ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው፣ ሥራ አልነበረውም ወይም ከትምህርቱ በታች ይሠራ ነበር። በዚህ ቁጥር ውስጥ የእኛ ልጆች እንዳሉ ለማየት ዲሲ ውስጥ የመኪና ማቆሚያዎችን መዞር ይበቃል። ፊዚክስ መምህር አግኝቼበታለሁ፤ ፋርማሲስት አግኝቼበታለሁ።

ለዩኒቨርሲቲዎች ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቶች የማቀርበው ጥያቄ ብዙ ወጪ የለበትም። ተማሪው ሲመረቅ ከስቱደንት ኮፒው ጋር የኮርሶቹን ዝርዝር፣ ለጤና ተማሪዎችም የንድፈ ሐሳቡንና የክሊኒካሉን ሰዓት ለይቶ የሚያሳይ አንድ ገጽ ይሰጠው። ያን ጊዜ ኮርሱን ያስተማረው መምህር እዚያው አለ፤ ከዓመታት በኋላ ግን እሱም ለቆ ሊሆን ይችላል። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከውጭ በኢሜይል ይጠየቅ፣ ክፍያው በባንክ ይግባ፣ ያለ ውክልና በቀጥታ ለገምጋሚው ይላክ። ለዚህ ሥራም በየዩኒቨርሲቲው ስሙና ስልኩ የሚታወቅ አንድ ሰው ይመደብ፤ እሱ ፈቃድ ሲወጣም የሚተካው ይኑር። ዘንድሮ የሚመረቁት የነርሲንግ ተማሪዎች ክሊራንሳቸውን ሳይጨርሱና ግቢውን ሳይለቁ ቢጀመር፣ ቢያንስ የእነሱ ወንድምና እህት በውክልና ወረቀት ከቢሮ ቢሮ አይንከራተቱም።