ሰደቃችን የት ደረሰ ብሎ መጠየቅም አማና ነው



ረመዳን በመጣ ቁጥር በጀመዓችን ገንዘብና ልብስ ተሰብስቦ ወደ በጎ አድራጎት የሕፃናት ማሳደጊያና ማቆያ ማዕከላት ይሄዳል። አላህ ይቀበለን። ከሰጠን በኋላ የት ደረሰ ብለን ስንጠይቅ ግን፣ "ለአላህ የሰጣችሁትን ምን ትከታተላላችሁ?" የሚሉን አሉ። በዚህ አንስማማም።

ሱረቱ ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ የየቲም አሳዳጊ ንብረቱን ሲያስረክብ ምስክር እንዲያቆም ያዛል። ምስክሩ ለየቲሙ መብትም ለአሳዳጊው ስምም ጥበቃ ነው። ጠያቂ ያለው አሳዳጊ አይታማም።

የአገራችን ሕግም እንዲሁ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ድርጅቶች በየዓመቱ የሥራና የሂሳብ ሪፖርት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ በላይ ለአስተዳደር ወጪ ማዋል አይችልም።

ይሁንና የጠራ ሂሳብ ብቻውን ሕፃን አይጠብቅም። ስለዚህ ማዕከላቱን እነዚህንም እንጠይቅ፦ ለአንዲት ሞግዚት ስንት ሕፃን ይደርሳታል? ሞግዚቶቹ በየስንት ጊዜው ይቀያየራሉ? ከሕፃናቱ ጋር ብቻውን እንዲሆን የሚፈቀድለት ማን ነው? ቅሬታ ያለው ወላጅ ወይም ሠራተኛ ለማን ይናገራል? ሥራ አስኪያጁን የሚቆጣጠረው ቦርድ ከራሱ ቤተሰብና ወዳጆች የተሰበሰበ ነው ወይስ ደፍሮ የሚጠይቀው ሰው አለበት?

ደመወዝም አለ። ብዙ ሰጪ ለዒድ ልብስ ግዛ ሲባል ደስ ይለዋል፤ ለሞግዚት ደመወዝ አዋጣ ሲባል ያመነታል። ደመወዟ የማያኖራት ሞግዚት ግን ሌላ ሥራ ስታገኝ ትሄዳለች፤ ሕፃኑም የለመደውን ፊት እንደገና ያጣል። ለእሷ የሚከፈለው ገንዘብ ለሕፃኑ የተሰጠ ነው።

ስለዚህ ጀመዓችን ለመጪው ረመዳን መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ጥያቄዎቹን በጽሑፍ ለማዕከላቱ ያቅርብ፤ መልሱንም ለአባላቱ ያሳውቅ። ባዶ እጃችንንም አንሂድ። አካውንቲንግ የምታጠኑ በመዝገብ አያያዝ፣ ጤና የምታጠኑ በክትባትና በዕድገት ክትትል፣ ሕግ የምታጠኑ በመተዳደሪያ ደንብ ማገዝ ትችላላችሁ። መመለስ የፈለገ ግን አቅም ያነሰውን ማዕከል እናግዘው። መመለስ የማይፈልገውን ግን አማናችንን አንስጠው።

ወቢላሂ ተውፊቅ።