የደማችንን ልክ እኛው እንወቀው

መገናኛ ላይ ታክሲ ለመያዝ የምትሰለፉ የሕክምና፣ የላብራቶሪና የባዮሎጂ ተማሪዎች፣ ይህ ጥሪ በቅድሚያ ለእናንተ ነው። ወደ ሰሜን ቀና ስትሉ የሚታያችሁ እንጦጦ ለእናንተ መናፈሻ ነው። እኛ የምናውቀው እንጦጦ ሌላ ነበር። ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘባቸው ወገኖቻችን ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው፣ ጭቃ ቤት ተከራይተው፣ በብርድ ሌሊት ጸበል የሚጠመቁበት ተራራ ነበር።

የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በ1999 ዓ.ም. በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ፣ ሁለቱም አብረው እንዲወሰዱ በአደባባይ መከሩ። ብዙ ጸበልተኛ ከሞት ተረፈ። በዚያ ዘመን መድኃኒት ለመጀመር ግን ሲዲ ፎር የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ቁጥር መለካት ነበረበት። ከ200 በታች ከሆነ ይጀመራል፤ በላይ ከሆነ፣ ሌላ ከባድ ምልክት እስካልታየ ድረስ፣ «ቆይተህ ተመለስ» ነው።

ያ 200 የሚባለው ቁጥር በአብዛኛው በአሜሪካና በአውሮፓ ሕሙማን ላይ ከተደረገ ክትትል የመጣ ነው። የእኛ ደምስ? ይህን የጠየቁት የራሳችን ሰዎች ናቸው። አስቴር ፀጋዬ፣ ፀሐይነሽ መሰለና ባልደረቦቻቸው በኢትዮ ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ሥር ሠርተው በ1991 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት የጤነኛ ኢትዮጵያውያን አማካይ ሲዲ ፎር በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ወደ 800 እንደሚጠጋ፣ የኔዘርላንዳውያኑ ግን 1,000 ገደማ እንደሆነ አሳየ። እንግዲህ 200 ላይ የደረሱ አንድ ኢትዮጵያዊና አንድ አውሮፓዊ እዚያ ለመድረስ የወረዱት ቁልቁለት እኩል አይደለም። ዛሬ ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ቁጥር ሳይጠበቅ መድኃኒት ይጀምራል። ጥያቄው ግን በዚያ አላበቃም።

የሰው የመከላከል አቅም የሚቀረጸው በሚጠጣው ውኃና በሚረግጠው አፈር ጭምር ነው። የአንጀት ትል ያለበት ሰው ሰውነቱ ዕረፍት እንደሌለው ዘበኛ ነው፤ ከአንዱ ጠላት ጋር ሲታገል ሌላው ሾልኮ ይገባል። ተመራማሪው ዳንኤል ኤልያስና ባልደረቦቹ የሳንባ ነቀርሳን ከሚከላከለው የቢሲጂ ክትባት በፊት የትል መድኃኒት የወሰዱ ኢትዮጵያውያን ሕዋሳት ለክትባቱ የተሻለ ምላሽ እንደሚሰጡ አሳይተዋል። ዳዊት ወልዳይና ባልደረቦቹ ደግሞ ትላቸው በጠፋላቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን ደም ውስጥ የቫይረሱ መጠን መቀነሱን አይተዋል። ጠባሳው ክንዳችን ላይ ያለው ክትባት ለእኛ ሰውነት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚነግረን እንዲህ ያለ ጥናት ነው።

መሠረት አልጠፋም። ዘነበወርቅ፣ አለርት ግቢ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ የሥጋ ደዌን ሲያጠና ኖሯል። ያው አንድ ባክቴሪያ አንዱን ሰው በጥቂት የቆዳ ምልክት ብቻ አልፎት ሌላውን መላ አካሉን የሚያዳርሰው፣ ልዩነቱ ከባክቴሪያው ይልቅ ከሰውየው የመከላከል ምላሽ ስለሚመጣ ነው። የሰውነትን የመከላከል አቅም ለሚያጠናው ዘርፍ፣ ለኢሚዩኖሎጂ፣ ከዚህ የተሻለ መማሪያ የት ይገኛል? በአዲስ አበባም በጎንደርም ዩኒቨርሲቲ ዘርፉን የሚያስተምር የትምህርት ክፍል አለ።

የጎደለው የሚገባበት ሰው ነው። ራዲዮሎጂ ወይም የቆዳ ሕክምና ክሊኒክ ይከፈትበታል፤ በኢሚዩኖሎጂ ክሊኒክ ከፍቶ የከበረ ሰው የለም፤ ይህን አልከራከርም። ወላጅም «ምን ትበላበታለህ?» ቢል አልፈርድበትም። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ድንገት ሲቆም ግን በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ኮንትራታቸው ተቋረጠ። በሰው ገንዘብ የቆመ ምርመራ በሰው ፊርማ ይቆማል፤ የራሳችን ባለሙያ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎች፣ የምርጫ ቅጹ ሲመጣ ይህን ዘርፍ አትዝለሉት። እናንተ መምህራን፣ ተማሪው ሕዋሳትን የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ ፍሎው ሳይቶሜትሩን፣ በሥዕል ሳይሆን በእጁ እንዲያውቀው አድርጉ። ባሕር ማዶ ያላችሁ ተመራማሪዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በኢንተርኔት ለማማከር የአንድ ተማሪ ስም ውሰዱ። መንግሥትም ለላብራቶሪ ምርመራ የሚውል ሪኤጀንት ጉምሩክ ውስጥ ሙቀት እንዳያበላሸው የተለየ መስመር ይክፈት። እኛ ወላጆች ደግሞ፣ ልጃችን ይህን መርጦ ሲመጣ ስለ ደመወዙ ከመጠየቃችን በፊት ስለ ምን እንደሚያጠና እንጠይቀው፤ ለጥናት የደም ናሙና ስንጠየቅም ዓላማውን በደንብ አስረድተውን ከሆነ ክንዳችንን አንንፈግ።